የውሻህ አባት ማን ነው?

«አባቱ ማን ነው?» አለኝ የእንስሳት ሐኪሙ።

ሳቄ መጣ። ውሻው አጎቴ ግቢ ውስጥ በጎኑ ተጋድሟል። የኋላ እግሮቹ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘርግተዋል። ሰውየው ግን ስለ አባቱ ይጠይቀኛል። «ውሻ ነዋ!» አልኩት። አልሳቀም። እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀኝ። «እናቱስ? ወንድምና እህት አለው? የት ናቸው? ከመካከላቸው እንዲህ የሆነ አለ?»

አንዱንም በቅጡ መመለስ አልቻልኩም።

ጎንደር ያደገ ሰው ይህ ለምን እንዳሳፈረኝ ይገባዋል። እኛ ልጅ ለመዳር ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ነን። እህቴ የታጨች ጊዜ ሁለት ሽማግሌዎች ግማሽ ቀን ቁጭ ብለው «የእገሌ ልጅ እገሌ» ሲባባሉ፣ አምስተኛው ቤት ላይ አንዲት ቅድመ አያት ተጠርጥራ ሠርጉ ሊቀር ምንም አልቀረውም ነበር። ውሻዬን ስገዛ ግን እናትና አባቱ አንድ ግቢ ውስጥ ታስረው በዓይኔ አይቻለሁ። «ወንድምና እህት ናቸው። ዘሩ እንዳይበረዝ ብዬ ነው» አለኝ ሻጩ በኩራት። እኔም ንጹሕ ዘር አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ትዝ ያለኝ ነገር ይህ ብቻ ነበር። ለሐኪሙ ስነግረው እስክሪብቶው ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ጻፈው።

ይህን የምጽፈው ጀርመን ሼፐርድም ሆነ ሌላ የእረኛ ውሻ ዘር ያለበትን ውሻ ለሚያሳድጉ ሰዎች ነው። እኔ ያጠፋሁትን እንዳትደግሙት።

የእኔው ጀርመን ሼፐርድ ከተማ ውስጥ ሬክስ ነበር ስሙ። ማራኪ አካባቢ ከተከራየሁት ቤት ግቢ ውስጥ ማደግ ሲያቅተው፣ ወገራ ውስጥ ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ለሚኖረው አጎቴ ሰጠሁት። አጎቴ ሬክስ የሚለውን ስም አልወደደውም። በእኛ አገር የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ መልእክት ነው። እሱም «ይምጣ» አለው። ማን ይምጣ እንደተባለ በግ የጠፋበት ሁሉ ያውቀዋል።

የኛ አገር ውሻ በግ አይነዳም፤ በግ ይጠብቃል። የሚነዳው እረኛው ነው፣ በዱላና በፉጨት። ይምጣ ግን ማንም ሳያስተምረው በጎቹን ከኋላ እየዞረ ይሰበስብ ጀመር። አንዷ ጠቦት ወደ ገብሱ ልታመራ ስትል ቀድሟት ይቆማል። አይነክስም፣ አይጮህም። ዝም ብሎ ያያታል፤ ትመለሳለች። አጎቴ ሰው በመጣ ቁጥር ያንን ያሳይ ነበር። «ይኼ እኮ ሰው ነው!» ይል ነበር። ውሻ እቤቱ ደጃፍ እንዲጠጋ የማይፈቅድ ሰው፣ በክረምት ለይምጣ ጭድ ማንጠፍ ጀመረ።

ዝርያው ለዚሁ ሥራ የተሠራ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የሚባል ጀርመናዊ መኮንን ሆራንድ የተባለ አንድ የእረኛ ውሻ ወደደ። የዝርያው መዝገብ ላይ መጀመሪያ የሰፈረው እሱ ነው። ከዚያ በእሱና በልጆቹ ላይ እየመላለሱ አራቡ። መልኩና ጠባዩ እንዲጸና ብለው ነው። መልክና ጠባይ ሲጸና ግን የተደበቀ በሽታም አብሮ ይጸናል። የሰባት ቤቱን ነገር አባቶቻችን እንዲሁ አልቆጠሩትም ማለት ነው። መንገድ ላይ የምናየው የሰፈር ውሻ የዘር ስብጥሩ ከእነዚህ ፈረንጅ ዝርያዎች የሰፋ ነው። «ዘር የለውም» ብለን የምንንቀው ማለቴ ነው።

ሕመሙን መጀመሪያ ያየው እረኛው ልጅ ነው። ሐምሌ ነበር። «ጋሼ፣ ውሻው ሰፊ ጫማ ያደረገ ይመስል እግሩን ይጎትታል» አለኝ። እኔ እሾህ ይሆናል ብዬ መዳፉን አየሁ። እሾህ የለም። ግን የሁለቱ መካከለኛ ጣቶች ጥፍር ከላይ በኩል ተፈግፍጎ አልቋል። እንደ ተሞረደ። ድንጋይ ላይ ሲሄድ «ክሽ… ክሽ…» የሚል ድምፅ ነበረው። ይህን ድምፅ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። ያኔ ዕድሜው ስምንት ዓመት ተኩል ነበር። ይህንንም ያወቅሁት ለጥምቀት ሰሞን እንደተወለደ ሻጩ ስለነገረኝ ነው።

ከወር በኋላ ሲዞር ወገቡ ይወዛወዝ ጀመር። ጠላ የጠጣ ይመስላል። ያኔ ነው መንደሩ የተነሣው። «አብዷል፤ ግደሉት!»

በመንደሩ ላይ አልፈርድም። በአካባቢያችን የውሻ እብደት የምር ነው። ሰው ይገድላል። በዓለም ላይ በእብደት በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች 99 በመቶ ያህሉን የሚያስይዘው ውሻ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከጀመረ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንድ ውሻ በድንገት ሲንገዳገድ መጀመሪያ እብደት ነው ብሎ ማሰብ ጅልነት አይደለም። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። አጎቴ በረት ውስጥ ለብቻው አሰረው፤ ምግቡን በረጅም እንጨት እየገፋ ይሰጠው ነበር። ልጆች እንዳይጠጉ ተባለ። እብደት የያዘው ውሻ ምልክት ካሳየ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በዐሥር ቀን ውስጥ ይሞታል። ይምጣ በዐሥረኛው ቀን ጭራውን እየቆላ እንጀራ ይጠይቅ ነበር። በሃያኛውም ቀን እንዲሁ። ክትባቱንም በየዓመቱ ያስከተብነው ውሻ ነው፤ ወረቀቱ አጎቴ መስቀል ካስቀመጠበት ሳጥን ውስጥ ተገኘ። ያ ወረቀት ሕይወቱን አተረፈለት ብል አላጋነንኩም።

(በነገራችን ላይ ማንም ቢነከስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ ክትባቱን ግን አይተው።)

ሐኪሙን ከጎንደር ይዤው ሄድኩ። ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ማለቴ ነው። የከብት ሐኪም ለውሻ ብሎ ይህን ያህል መምጣቱ ለመንደሩ ወሬ ሆነ። ያደረገው ምርመራ ደግሞ ለዓይን ቀላል ነበር። የኋላ መዳፉን ገልብጦ ጀርባውን መሬት አስነካው። ጤነኛ ውሻ ወዲያው ያቃናዋል። ይምጣ እንደተገለበጠ ተወው። እግሩ እዚያ መኖሩን ጭንቅላቱ አላወቀም። አከርካሪውን ከአንገት እስከ ጭራ ተጫነው፤ ይምጣ አልጮኸም፣ እንዲያውም ሐኪሙን ላሰው።

«ሕመም የለውም» አለ። «ይህ ነው የሚያጠራጥረኝ።»

የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ቢሆን ያመዋል፤ ሲነሣ ያነክሳል፣ ጠዋት ይገትረዋል። ያም በጀርመን ሼፐርድ ላይ የበዛ የዘር ችግር ነው። የአከርካሪ ዲስክ ቢንሸራተት ብዙ ጊዜ በድንገት ይመጣል፤ ያማል። ይህ ግን ያለ ሕመም፣ ቀስ እያለ፣ ከኋላ ወደ ፊት የሚሄድ ነው፤ ዲጄኔሬቲቭ ማየሎፓቲ ይሉታል። ኅብለ ሰረሰሩ ውስጥ ያሉት ነርቮች እየሟሸሹ ይሄዳሉ። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት አካባቢ ይጀምራል። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ አብዛኛው ውሻ የኋላ እግሩን ያጣል። ከዚያ ወደ ፊት እግር ይሻገራል። መድኃኒት የለውም።

«ይመስላል ነው የምልህ እንጂ ነው አልልህም» አለኝ። «ነው ለማለት ከሞተ በኋላ ኅብለ ሰረሰሩን አውጥቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል። በሕይወት እያለ የሚያረጋግጥ ምርመራ የለም።»

ያን ጊዜ የነገረኝን አንድ ታሪክ አሁንም አስበዋለሁ። የዚህ በሽታ ዘረ መል የተገኘው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ሶድ ዋን ይባላል። ፍለጋው የተጀመረው ፔምብሮክ ዌልሽ ኮርጊ በሚባሉ እግረ አጭር የከብት እረኛ ውሾች ላይ ነው። የታመሙትንና ያልታመሙትን ኮርጊዎች ደም አነጻጽረው ነጥቡን አገኙት። ከዚያ በጀርመን ሼፐርድና በሌሎች ዝርያዎችም ታየ። ይኸው ዘረ መል ደግሞ በ1993 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ተገኝቶ ነበር፤ ጡንቻን የሚያዙትን ነርቮች በሚገድለው ኤ.ኤል.ኤስ በሚባል በሽታ በተያዙ አንዳንድ ቤተሰቦች። ሳይንቲስቱን ስቴፈን ሆኪንግን ለአሥርተ ዓመታት ወንበር ላይ ያስቀመጠው በሽታ ከዚሁ ወገን ነው። እናም የአንድ ውሻ ኅብለ ሰረሰር ለሰውም ይጠቅማል።

«ግን ያ ሁሉ የሆነው ባለቤቶቹ እሺ ስላሉ ነው» አለ። «ውሻቸው ሲሞት ደውለው ውሰዱት ስላሉ።»

ገባኝ ወዴት እንደሚሄድ። ዝም አልኩ።

ይምጣ ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ገደማ ኖረ። ስለ እንክብካቤው ብዙ ማለት ይቻላል፤ የጠቀመንን ብቻ ልንገራችሁ። አሮጌ ነጠላ አጥፈን በሆዱ ሥር አሳልፈን፣ ከላይ እንደ ማንገቻ ይዘን እናስኬደው ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ፣ አጭር አጭር። የሚጎትተውን መዳፍ እረኛው ልጅ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ካላመዳሪ በሠራው ጫማ ሸፈንነው። መነሣት ሲያቅተው በየጥቂት ሰዓቱ እናገላብጠዋለን፤ ካልሆነ ዳሌው ይቆስላል። ሽንቱ ሲያመልጠው ጭዱን መቀየር፣ ቆዳውን ማጠብና ማድረቅ ነው። ክብደቱ እንዳይጨምር ምግቡን ቀነስን፤ በዚህ ላይ አጎቴ ያጭበረብር ነበር። በፋሲካ ቅልጥም ሲሰጠው ይዤዋለሁ።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ሌሊት ሞተ። ጠዋት አጎቴ ደወለ። እኔ ለሐኪሙ ደወልኩ። «አሁኑኑ ልምጣ?» አለ። «ሥጋው ቶሎ ይበላሻል፤ ሰዓት የለንም።»

አጎቴን ጠየቅሁት። «የቤቴን ዘበኛ በካራ አላስበልትም» አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰፈሩስ ምን ይላል? ውሻ ለማከም ሐኪም ማምጣት አንድ ነገር ነው፤ የሞተ ውሻ አስቀድዶ ማየት ግን ሌላ ነው። ጥንቆላ ነው የሚመስለው። በአጎቴ ላላክክ እችላለሁ። እውነቱ ግን እኔም አልፈለግሁም። ትንሽ ብገፋው እሺ ይለኝ ነበር፤ እሱን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ለሐኪሙ «ይቅር» አልኩት። «እሺ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። ሰው ለሞተበት እንደሚባለው። ይምጣን ከወይራው ሥር በጥልቅ ጉድጓድ ቀበርነው።

እና እስከ ዛሬ ይምጣ በምን እንደሞተ በእርግጠኝነት አላውቅም። «ይመስላል» ብቻ ነው የቀረኝ።

ቁጭቱ የመጣው ቆይቶ ነው። ሁለት ወር ገደማ ሲሆን የሐኪሙ ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝ። ወንድምና እህቶቹስ? ቢያንስ ያንን ልመልስለት ብዬ ወደ ሻጩ ሄድኩ። መጀመሪያ ተቆጣኝ። «ዘሬን ልታሰድብ ነው የመጣኸው?» ቡና ተጠጣ። ልከስሰው እንዳልመጣሁ ሲገባው ስልኩን አወጣ። ከስድስቱ ቡችሎች የአምስቱን ገዢዎች ያስታውሳል። ስድስተኛው እኔ ነኝ። ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዛሁና ጀመርኩ።

አንደኛው በሦስት ወሩ አስቀምጦትና አስመልሶት ሞቷል። ፓርቮ የሚባለው ተላላፊ በሽታ ይመስላል፤ ያ ከዘር ጋር አይያዝም። ሌላው ወደ መተማ ሄዷል፤ የገዢው ስልክ አይሠራም። አንዷ ሴት አዘዞ አለች፣ በሕይወት። ሌላው ደባርቅ ነበር። ባለቤቱን አገኘሁት። «ወደ ዘጠኝ ዓመቱ ሲጠጋ ወገቡ ተሳሰረ» አለኝ። «መንገዳገድ ጀመረ። አብዷል ብለን ገደልነው። የቤቱ ሰዎችም ክትባት ወሰዱ።»

ደብተሩን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ሰውየው ትክክል ነበር፤ ልጆች አሉት፤ እኔም እሱን ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር። ግን የሁለቱ ወንድማማቾች ዕድሜና አጀማመር አንድ ነው። ለሐኪሙ ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ በራ። አንድ ውሻ ወሬ ነው፤ ከአንድ ሆድ የወጡ ሁለት ሲሆኑ ጥያቄ ይሆናሉ።

አምስተኛው ቆላ ድባ ነበር፤ የእሱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ ለብቻው መናገር አለብኝ። ባለቤቱ በሬ ያደልባል። ውሻው እከክ ሲይዘው ለበሬ ካመጣው አይቨርሜክቲን ከሚባል የተውሳክ መድኃኒት የተረፈውን ወጋው። የከብቱ መጠን ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ውሻው 30 ኪሎ አይሞላም፤ እሱ 3 ሚሊ ሰጠው። «ትንሽ በዛ ቢል ምን ይሆናል ብዬ» አለኝ። ማታ ለሃጩ ተዝረከረከ። ግድግዳ ይገጭ ጀመር፤ ዓይኑ አላየም። ሌሊት ወደቀ። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ሰውየው በመድኃኒቱ ማመኑ አይገርምም። መድኃኒቱ የተመሰገነ ነው። ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል በእሱ ሰበብ የ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። እዚሁ መተማ ላይ ዓይን የሚያጠፋውን የኦንኮሰርካ በሽታ ለመከላከል ለሰው ሲታደል ቆይቷል። ግን በእረኛ ውሾች ላይ አንድ ጉድ አለ። አንጎል ላይ እንደ ዘበኛ ቆሞ መድኃኒቱን የሚመልስ ፕሮቲን አለ። አንዳንድ ውሾች ይህን ዘበኛ የሚሠራው ዘረ መል ላይ ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ። ኤም.ዲ.አር ዋን ይባላል። ጉድለቱን በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። ከኮሊ ዝርያ ውሾች 70 በመቶ ያህሉ፣ ከአውስትራሊያ ሼፐርድ ግማሽ ያህሉ፣ ከጀርመን ሼፐርድ ደግሞ 10 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ቅጂ አላቸው። እንዲህ ያለው ውሻ በከብት መጠን ሲወጋ መድኃኒቱ አንጎሉ ውስጥ ይገባል፤ የሚመልሰው የለም። ማርከሻም የለውም። ለተቅማጥ የሚዋጠው ሎፔራሚድም እንዲሁ ያደርጋል።

የቆላ ድባው ውሻ ጉድለቱ ይኑረው፣ መጠኑ ብቻ ይግደለው፣ ማንም አያውቅም። ደሙ አልተወሰደም። ይህንንም ደብተሩ ላይ እንዲሁ ጻፍኩት፦ አይታወቅም። የእናንተ ውሻ የእረኛ ዘር ካለበት ግን የከብት መርፌ ከመውጋታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ፤ ውሻውንም አስመዝኑ። በመዳፍ ሚዛን ሳይሆን በሚዛን።

ደብተሩን ይዤ ለሐኪሙ ስሰጠው ገንዘብ እንደሰጠሁት ነው የተቀበለኝ። እኔ ምርምር መርዳት ማለት ብር ማዋጣት ይመስለኝ ነበር። ለሚችል እሱም አለ። ከኛ ግን የሚፈለገው ሌላ ነው፤ የሚጠይቀው እስክሪብቶና ትንሽ ድፍረት ነው። ቡችላ ስትገዙ የእናትና የአባቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀን፣ ስንት ሆነው እንደተወለዱና ማን ማን እንደወሰዳቸው ጻፉ። ሲታመም ያየነውን ነገር ከቀኑ ጋር፦ ጥፍሩ መቼ ተፈገፈገ፣ የትኛው እግር ቀደመ፣ አመመው ወይስ አላመመውም። ስልክ ያለው ሰው አረማመዱን ከኋላ በኩል ይቅረጸው፤ ሃያ ሰከንድ ይበቃል። እኔ የይምጣ ፎቶ መዓት አለኝ፤ ሁሉም ፊቱ ነው። አንድም አረማመዱን የሚያሳይ የለኝም።

የጤነኛውንም ጻፉ። ይህን ሐኪሙ ሦስት ጊዜ ነው የደጋገመልኝ። ዐሥራ ሦስት ዓመት በሁለት እግሩ ሳይሆን በአራቱም ቆሞ ያረጀ ሼፐርድ ካላችሁ፣ የእሱ ደም የታመመውን ያህል ይፈለጋል። የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነዋ። ግን ማን ነው ጤነኛ ውሻ ይዞ ሐኪም ቤት የሚሄድ!

አንድ ስሕተት ልሠራ ነበር። አሜሪካ ያለች የአጎቴ ልጅ «የጉንጭ ምራቅ በጥጥ ጠርገህ በፖስታ ላክልኝ፤ እዚህ ይመረመራል» አለችኝ። እውነት ነው፣ የሶድ ዋንም የኤም.ዲ.አር ዋንም ምርመራ እንዲህ ይሠራል። ሐኪሙ ግን አስቆመኝ። የዘረ መል ናሙና ከአገር ማውጣት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ዐዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ። በሻንጣ ሸጉጦ መላክ አይቻልም። ናሙና የሚሰጠው በሐኪም ወይም በተቋም በኩል ነው። ስለዚህ የምትችሉት ፈቃደኝነታችሁን ቀድማችሁ መናገር ነው፤ ውሻው ቆሞ ሲሄድ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ እያለ። ሬሳው ፊት ለፊት ተጋድሞ እሺ ማለት እንደማይቻል እኔ ምስክር ነኝ። ደግሞ በምንም ዓይነት ራሳችሁ እንዳትከፍቱት። እብደት ሊሆን የሚችል ነገር ካለ የሚነካው ክትባት የወሰደ ባለሙያ ብቻ ነው።

ከሻጩ ጋር አሁን ወዳጅ ሆነናል። «ታዲያ ዘሬን ልጨርሰው?» አለኝ አንድ ቀን። ለሐኪሙ አቀረብኩለት። መልሱ ሁለታችንንም አስገረመን። በሽታው የሚመጣው ጉድለቱ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ተሸካሚ ነው፤ ራሱ እንደ ደንቡ አይታመምም። ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ በአማካይ ከአራት ቡችሎች አንዱ ሁለቱንም ይወርሳል። ሁለቱን የወረሰ ሁሉም አይታመምም፤ አደጋው ግን ያለው እሱ ላይ ነው። ተሸካሚውን ከነጻ ውሻ ጋር ማገናኘት ይቻላል፤ የታመመ አይወለድም። ተሸካሚዎችን ሁሉ ከማራባት ማውጣት እንዲያውም ያሉትን ጥቂት ውሾች ይበልጥ ያሳንስና ሌላ በሽታ ይጠራል። ዋናው ነገር ወንድምና እህትን አለማገናኘት ነው። ሻጩ ለረጅም ጊዜ አሰበ። «በለኛ ሰባት ቤት እንቁጠርላቸው» አለ። ቀልድ ነበር። ግን ባለፈው ክረምት ሴቷን ባሕር ዳር ድረስ ወስዶ ከማትዛመደው ወንድ አገናኛት፤ ስሙንና የባለቤቱን ስልክ ለደብተሬ ሰጠኝ።

የአዘዞዋ እህቱ ሊዛ ትባላለች። ዕድሜዋ ከይምጣ ጋር አንድ ነው፤ እሱ ከሞተ በኋላ ዐሥረኛ ዓመቷን አለፈች። ባለቤቷ እትዬ ብዬ የምጠራቸው አሮጊት ናቸው። የይምጣን ነገር ነግሬያቸው፣ ሊዛ የሞተች ቀን ሐኪሙ ቢወስዳት ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ለመጠየቅ ሦስት ጉብኝት ፈጅቶብኛል። «ከሞተች በኋላ ምን ታደርግልኛለች? ይውሰዳት» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ «ግን እሷ ፊት አታውራው» አሉ።

በየሁለት እሑዱ ከቅዳሴ መልስ እሄዳለሁ። ከቤታቸው በር እስከ አስፋልቱ ኮብልስቶን ነው። ሊዛን ይዤ እወርዳለሁ፤ ስመለስ ሰንሰለቱን ለእትዬ የልጅ ልጅ ሰጥቼ ከኋላ እከተላለሁ። ሃያ ሰከንድ እቀርጻለሁ። ከዚያ ስልኬን ኪሴ ከትቼ የጥፍሯን ድምፅ አዳምጣለሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ አራቱም። ቀኑን ጽፌ «ንጹሕ» እላለሁ።